የመምህርት ጤናዬ ክፍል

ስልኩ የተደወለው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። መምህርት ጤናዬ አሶሳ በሚገኘው ግቢዋ ውስጥ የማንጎ ቅጠል ትጠርግ ነበር። ጡረታ ከወጣች ስምንት ወር ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምታዝዘው ነገር ቢኖር ያ የማንጎ ቅጠል ብቻ ነው፤ እሱም አይታዘዛትም።

«ሄሎ፣ መምህርት! ሳሊማ ነኝ። ሸርቆሌ ያስተማሩኝ።»

«እንዴት ነሽ ልጄ? የትኛዋ ሳሊማ?» አለች ጤናዬ መጥረጊያውን ግንዱ ላይ አስደግፋ።

መስመሩ ይንኮሻኮሻል። ከንግግሩ የደረሳት ቁርጥራጩ ብቻ ነው። «...ዳቡስ ዳር... ሎጁን ከፈትን... ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይመጣልዎታል... ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ...» ከዚያ ጭጭ አለ። መልሳ ብትደውል፣ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም የምትለው የቴሌ ሴትዮ ናት የመለሰችላት።

ጤናዬ የዛፉ ሥር ቁጭ ብላ አሰበች። ሸርቆሌ በቆየችባቸው ሰባት ዓመታት ያስተማረቻቸው ሳሊማዎች ከአምስት አያንሱም። አንዷ ረጅም ነበረች፣ አንዷ ስታስነጥስ ክፍሉን ሁሉ ታስቅ ነበር፣ የቀሩት ፊታቸው ጠፍቶባታል። ይሁን፤ የትኛዋም ብትሆን ተማሪዋ ናት። ይበልጥ ያስቸገራት «ክፍሉ ተዘጋጅቷል» የሚለው ነው። የመኝታ ክፍል ነው ወይስ የመማሪያ ክፍል?

አጥር የምትጋራትን ጸሐይን ጠየቀቻት።

«ሎጅ ውስጥ ምን ትምህርት ቤት አለና ነው? የመኝታ ክፍል ነው እንጂ!» አለች ጸሐይ ሳታመነታ።

«ለእኔ የመኝታ ክፍል ማን በነፃ ያዘጋጃል?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች ጸሐይ ወዲያው ሐሳቧን ቀይራ። «እንግዲያው ሠራተኞቻቸውን ልታስተምሪላቸው ይሆናል።»

ስለዚህ ጤናዬ ለሁለቱም ተዘጋጀች። በአንዱ ቦርሳዋ ቢጃማዋንና ጋቢዋን፣ በሌላው አንድ ፓኬት ጠመኔና ጠርዙ የተበላ የሳይንስ መጽሐፏን ከተተች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትዘጋጅ ክፍል ገብታ አታውቅም።

ጤናዬ የደምበጫ ልጅ ናት። ከማሠልጠኛ በወጣችበት ዓመት ዕጣዋ ሸርቆሌ ላይ ሲወድቅ እናቷ ካርታ ላይ ፈልጋ ስላጣችው አልቅሳ ነበር። ለሁለት ዓመት ብላ መጥታ ሰባት ዓመት ሠራች፤ ከዚያ አሶሳ ተዛውራ በዚያው ሸመገለች። ትዳር ሁለት ጊዜ ደጇን ሲያንኳኳ ሁለቱንም ጊዜ ፈተና እያረመች እንዳልሰማችው ራሷ እየሳቀች ታወራለች። ስለ እንስሳት ስታስተምር ኖራ፣ ከጅብና ከዝንጀሮ በቀር የዱር እንስሳ የሚባል በዓይኗ አይታ አታውቅም። ቅዳሜና እሑድ የሚታረም ወረቀት አይጠፋማ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አንድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር በሯ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሀምዳን የሚባል ቀጭን የበርታ ሰው ነው። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ጤናዬ ግን በዚህ ከተማ ኖራ ኖራ ለምዳዋለች።

«እናት፣ አንተ ፊት ግባ» አላት ሁለቱንም ቦርሳ ተቀብሎ። «አንድ ሰው ነው ከዚህ የሚሄድ?»

«እኔ ብቻ ነኝ።»

«ጥሩ። ማፊ ችግር፣ ችግር የለም።»

ከኋላ ወንበር ክንድ የሚያህል ካሜራ ታቅፎ የተቀመጠ ወጣት ሰላምታ ሰጣት። ስሙ ሰራዊት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወፍ ፎቶ ሊያነሳ ነው የመጣው። «በጣም ደስ ብሎኛል» አላት። «አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ከአሶሳ አብሮን እንደሚሄድ ነግረውኝ ነበር። መምህርት መሆንዎን ግን አልነገሩኝም።»

ጤናዬ በልቧ አሰላች። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው እኔ ነኝ ማለት ነው? ምናልባት ሳሊማ ያንን ነግራት፣ መስመሩ በልቶት ይሆናል። አይደለሁም እንዳትል፣ ልትሆን ትችላለች። ነኝ እንዳትል፣ አታውቅም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ለምን እንዳለችው ግን ራሷም አልገባትም።

ባምባሲ ሳይደርሱ ጥያቄው ተጀመረ። መንገዱ ዳር ያለው ሣር ተቃጥሎ መሬቱ ጠቁሯል፤ በጥቁሩ መሬት ላይ ቱርክ ዶሮ የሚያካክሉ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ወፎች እንደ ሽማግሌ እየተንጎራደዱ ይሄዳሉ። ሰራዊት መኪናውን አስቆመና በመስኮት ካሜራውን አወጣ።

«እርኩም ነው አይደል?» አለ በሹክሹክታ። «የትኛው ነው ወንዱ፣ መምህርት?»

አንደኛው ጉሮሮው ላይ ቀይ አለበት፤ የሌላው ጉሮሮ ሰማያዊ ብቻ ነው። መጽሐፏ ውስጥ እርኩም የለም። ጤናዬ ግን ጥያቄ ተጠይቃ ዝም ማለት አልለመደችም።

«ሰማያዊው ወንድ ነው» አለች በክፍል ውስጥ ድምፅዋ።

ሀምዳን መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገና በትሕትና፣ «ሰማያዊ ብቻ የሆነ ሴት ነው» አለ። «ወንድ ቀይ አለው። ወላሂ፣ እኛ ቤት አጠገብ አለ።»

ሰራዊት አንዴ እሷን፣ አንዴ ሀምዳንን አየ። ጤናዬ ፊቷ ጋለ። በተማሪዎቿ ፊት እንዲህ ያለ ስሕተት ብትሠራ ኖሮ ሰሌዳውን አጥፍታ ትጀምር ነበር። እዚህ ምን ይጠፋል?

ከባምባሲ ወዲያ ኬላ ላይ አንድ ሚሊሻ መታወቂያ ሰብስቦ አየ። ወደ መስኮቷ ጎንበስ ብሎ፣ «እናት፣ ለምን ጉዳይ ነው የሚሄዱት?» ሲላት ጤናዬ ወደ ሁለቱ ወንዶች ዞረች።

«አስጎብኚያችን ናቸው» አለ ሰራዊት።

«አብሳይ ነው» አለ ሀምዳን በዚያው ቅጽበት። «የሎጅ አዲስ አብሳይ።»

ሚሊሻው መልሶ ወደ እሷ ዞረ። «እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«መምህርት ነኝ» አለች ጤናዬ። ከሦስቱ እውነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ግን ለጥያቄው መልስ እንዳልሆነ ይታወቃታል። ሚሊሻው መታወቂያውን እያገላበጠ ጥቂት ቆየና፣ መልኳ ለክፉ ስላልተፈጠረ ይመስላል፣ ሣቅ ብሎ አሳለፋቸው።

«አብሳይ ያልከው ምንድን ነው?» አለችው ሀምዳንን መኪናው ሲንቀሳቀስ።

«ሳሊማ ነገረኝ። አሶሳ ሂድ፣ እንግዳ አምጣ፣ አብሳይ አምጣ። እንግዳ ይሄ ነው።» በአገጩ ወደ ሰራዊት አመለከተ። «አብሳይ አንተ ነህ።»

ይኼ ደግሞ አሳማኝ ነው። የተዘጋጀው ክፍል የሠራተኛ መኝታ ቤት ይሆን? ለነገሩ የጡረታ ገንዘብ ምንም እንደማይሆን ሳሊማም ሳትገምት አትቀርም። ተማሪዋ አዝናላት ሥራ ልትሰጣት ይሆናል። ጤናዬ ግን ሽሮዋን እንኳ በቅጡ የማትሠራ ሴት ናት።

አስፋልቱን ለቀው ቀርከሃ መሐል በሚሄድ የአፈር መንገድ ገቡ። ከርከሮዎች ጅራታቸውን ቀጥ አድርገው ከፊታቸው ሮጡ፤ ጉሬዛዎች ዛፍ ለዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጅራታቸው እንደ ነጠላ ጥለት ተርገበገበ። ሰራዊት መጠየቁን ቀንሷል። ሲጠይቅም ከሁለቱ ፊት እኩል መሐል ወዳለ ቦታ እያየ ነው፤ የፈለገ ይመልስለት ብሎ።

ለፎቶ ሲቆሙ ሲነሡ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ዳቡስ ወንዝ ዳር ደረሱ። ውኃው ሰፊና ቡናማ ነው፤ ጭራሽ የሚፈስም አይመስልም። ሀምዳን በእግር ወደ አንድ ጥምዝ ወሰዳቸውና በእጁ ዝም እንዲሉ ምልክት ሰጣቸው። ጤናዬ የወንዙን መሐል አየች። ከድንጋይ በቀር ምንም የለም።

«ስንት ናቸው ይላሉ?» አለ ሰራዊት ትንፋሹን ውጦ።

«ምኖቹ?»

ከድንጋዮቹ አንዱ ፉፍ ብሎ ውኃ ተነፈሰ። ሌላው ጆሮውን አርገበገበ። ጤናዬ ሳታስበው የሀምዳንን ክንድ ያዘች። ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ከውኃው በላይ፣ የቀረው ገላ ሁሉ ከውኃው በታች። ይህንን ለሠላሳ ሁለት ዓመት ሰሌዳ ላይ እየሣለች ስታስተምር ኖራለች፤ ሥዕሏ ግን አራት እግር ያለው ድንች ይመስል ነበር። አሁን ድንጋይ ናቸው ስትል ጉማሬ ይሆናሉ፤ ጉማሬ ናቸው ስትል ይጠልቁና ውኃ ብቻ ይቀራል። ሰባት ቆጠረች። እንደገና ስትቆጥር አራት ሆኑ። ቀጥሎ ዘጠኝ።

«ልጄ፣ እኔ አላውቅም» አለችው ሰራዊትን በመጨረሻ። «አስጎብኚህ መሆኔንም አላውቅም። ጉማሬ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሰራዊት ካሜራውን ከዓይኑ አውርዶ ተመለከታት። «የእኔም የመጀመሪያዬ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

በዚህ መሐል ሀምዳን ከኋላው ጃኬቱን ይዞ ጎተተው። «እዚህ አይቆምም! መንገዱ ነው!» ሰራዊት የቆመው ሣሩ ተረግጦ ቦይ በሆነበት፣ ጉማሬዎቹ ለግጦሽ በሚወጡበት መውጫ ላይ ነበር። አንዱ ትልቅ ጉማሬ ከዳር ብቅ ብሎ ውኃው ከጀርባው እየወረደ ወደዚያው ቦይ አየ። ሦስቱም ወደ ጎን፣ እሾሁ ውስጥ፣ ጀርባቸውን ሳይሰጡ ሄዱ። ጉማሬው አዛጋ፤ ጥርሱ እንደ አካፋ እጀታ ነው። ከዚያ ነገሩ የተሰለቸው ይመስል ዞሮ ገባ። የጤናዬ ነጠላ እሾህ ላይ ቀርቶ ነበር፤ የሚመለስለት ግን አልተገኘም።

ሎጁ ከዚያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፤ ወንዙን ቁልቁል በሚያይ ጉብታ ላይ የተሠሩ ስድስት የቀርከሃ ጎጆዎችና አንድ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ። ሳሊማ አልነበረችም፤ ናፍጣ ልትገዛ ባምባሲ ወርዳለች ተባለ። ጤናዬን የተቀበለቻት ብኸይታ የምትባል ሞላ ያለች ሴት ናት፤ ሽርጧ ላይ እጇን እየጠረገች መጣች።

«አልሐምዱሊላህ፣ መጣሽ! ብቻዬን ሞቼ ነበር። ዓሣው ተዘጋጅቷል፣ ሽንኩርቱ ይቀራል» አለችና አንዱን ቦርሳ ነጥቃ ወደ ማብሰያ ቤት መራቻት።

ጤናዬ ማስረዳት ፈለገች፤ ግን ምን ብላ? እንግዳ ነኝ ብትል፣ ካልሆነችስ? ሰው ቤት መጥቶ እንግዳ ነኝ ብሎ መኩራራት ነውር ነው። ቢላዋውን ተቀበለችና ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ብኸይታ አንድ ሁለቴ በጎን አየቻት።

«እህቴ፣ ሆቴል ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ይታያል» አለች ብኸይታ፤ ሐሳብ ገባት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት በማብሰያ ቤቱ በር ብቅ ስትል ጤናዬ ዓይኗ በሽንኩርት እያለቀሰ ነበር።

«መምህርት!» ጮኸች ሳሊማ። «ምን እያደረጉ ነው? ብኸይታ! ምን እያሠራሻቸው ነው?»

ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተናገረ። ሀምዳን ከተነገረኝ ቤት አብሳዩን አምጥቻለሁ አለ። ብኸይታ ይህቺማ አብሳይ አይደለችም፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር አለች። እውነተኛዋ አብሳይ አሶሳ መናኸሪያ ቦርሳዋን ይዛ ስትጠብቅ መዋሏ፣ ለሰራዊት የተባለው አስጎብኚም ሀምዳን ራሱ መሆኑ የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሳሊማ ራሷን ይዛ ሳቀች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ሀምዳንን ተቆጣች፣ እንደገና ሳቀች። ጤናዬን በእጇ ይዛ ወደ መጨረሻው ጎጆ ወሰደቻት። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «መምህርት ጤናዬ» ተብሎ ተጽፏል።

«ክፍሉ ይሄ ነው» አለች ሳሊማ። «ስድስቱንም ጎጆ በሰው ስም ልሰይም ነው። የእርስዎን አስቀድሜ።»

ጤናዬ ስሟን ደጋግማ አነበበችው። ስሙ የእሷ ነው፤ ነገሩ ግን የሌላ ሰው ይመስላል። «ለምን?» ብቻ አለች።

«ይምጡ፣ አዳራሹን ይዩ።»

በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በመስታወት የተከደነ አንድ የደብተር ወረቀት ተሰቅሏል። በእርሳስ የተሣለ ወንዝ፣ በወንዙ ውስጥ ጉማሬ፤ ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው በአንድ መስመር ከውኃ በላይ። ከወንዙ የወጣ ቦይ እስከ በቆሎ ማሳ ይሄዳል። ከጎኑ በቀይ ቢክ 10 ተጽፏል።

«ሰባተኛ ክፍል» አለች ሳሊማ። «አማርኛ አልችልም ነበር። ፈተናው ስለምታውቁት እንስሳ ጻፉ ነበር የሚለው። መጻፍ ሲያቅተኝ ሣልኩት። ትምህርቱን ልተወው ቆርጬ ነበር፤ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከአሥር አሥር። ያን ቀን ባይሰጡኝ ዛሬ እዚህ አልኖርም።»

ጤናዬ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። ዜሮው ወፍራም ነው፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቀንድ አለው፤ የእሷ ዜሮ ነው። ከፊቱ ያለው 1 ግን ቀጭንና ወደ ግራ የዘመመ ነው። እንዲህ ያለ 1 የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች፤ ሸርቆሌ ቤት የተጋራቻትን መምህርት ማንጠግቦሽን። ጭቅጭቁም ትዝ አላት። ጤናዬ «ሥዕል መልስ አይደለም!» ብላ ነበር፤ ማንጠግቦሽም፣ «አንቺ ጉማሬን እንዲህ አድርገሽ መግለጽ ትችያለሽ?» ብላ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ ከዜሮዋ ፊት አንድ ተጨምሮ አገኘችው። ተናድዳ ልትሰርዘው ስትል ደወል ተደወለ፤ እንዳለ ለልጅቷ ሰጠቻት።

እራት ቀረበ። ሳሊማ ዓሣውን እየከፈለች ታወራለች፤ ሰራዊት ፎቶዎቹን ያሳያል። ጤናዬ ዓሣውን በጣቷ ትቆነጥራለች እንጂ አትበላም። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ሳሊማ ደስ ብሏታል፤ የሃያ ስድስት ዓመት ደስታ ነው። ብትናገር የምታተርፈው ምንድን ነው? ብትተወው ደግሞ የሰው ክፍል ውስጥ ልትተኛ ነው።

«ሳሊማ ልጄ» አለች፣ ሰራዊት ከማዕድ ሲነሣ። «አንዱ የማንጠግቦሽ ነው።»

«የቱ አንዱ?»

«አሥሩ ላይ ያለው። እኔ የሰጠሁሽ ዜሮውን ነው።»

ጤናዬ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጭቅጭቁን፣ ደወሉን፣ ሳትፈልግ የሰጠቻትን ወረቀት። ሳሊማ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች። ወረቀቱን በየቀኑ የምታየው ናት፤ አሁን ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምታነበው ያህል ቆመች። ከዚያ ጀነሬተሩን ልታይ ወጣች።

ጤናዬ ስሟ ባለበት በር ገብታ ልብሷን ሳትለውጥ ጋደም አለች። ጥሩ ሠራች ወይስ ክፉ፣ መለየት አልቻለችም።

ጠዋት ሳሊማ ራሷ ሻይ ይዛ መጣች። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም። «ቁጥሯ አለዎት?» አለች።

ኔትወርክ የሚገኘው ከሎጁ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች ተደጋግፈው ወጡና ማንጠግቦሽ ወደምትኖርበት ፍኖተ ሰላም ደወሉ። ማንጠግቦሽ ድምፅዋ እንደ ድሮው ጎርናና ነው። ጤናዬ ነገሩን እየጮኸች አስረዳች።

«ጉማሬ? የምን ጉማሬ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ሥዕሉ! የሳሊማ! ዜሮዬ ላይ አንድ የጨመርሽበት!»

«እኔ? ኧረ ምንም ትዝ አይለኝም። አንቺው ራስሽ አርመሽው እንዳይሆን!»

«እኔማ ዜሮ ነው የሰጠሁት!»

«አንቺማ ለማንስ ከዜሮ በላይ ሰጥተሽ ታውቂያለሽ» አለች ማንጠግቦሽ፤ ሳቋ ስልኩን አፈነው። «ልጅቷ ግን ደህና ናት? ዋናው እሱ ነው» ስትል መስመሩ ተቋረጠ።

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ሳሊማ ናት፤ ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ ጤናዬም ለምን እንደሆነ ሳይገባት አብራት ሳቀች።

«ስሙን ቀይሪው» አለቻት ጤናዬ ሲወርዱ።

«ገና ያልተሰየሙ አምስት ጎጆዎች አሉኝ፤ ለእሷ አንዱን እሰጣለሁ» አለች ሳሊማ። «የእርስዎ ይቆይ። ልጅ ሳለሁ ምን እንደማልችል የነገረኝ ሰው ነበር፣ ምን እንደምችል የነገረኝም ነበር። ማን ምን እንዳለኝ ዛሬ ተቀላቀለብኝ።»

ጤናዬ እሑድ ልትመለስ አስባ ሐሙስ ተመለሰች። አብሳይዋ እስክትመጣ ሽንኩርት ከተፈች፤ ጠዋት ጠዋት ከሀምዳን ጋር ወንዝ ወርዳ የወፎቹን ስም በበርታና በአማርኛ በደብተር ጻፈች። አሁን በየሁለት ወሩ ትሄዳለች። እንግዶች በሩ ላይ ያለውን ስም አይተው ይህቺ ማን ናት ብለው ሲጠይቁ ሳሊማ ታስተዋውቃቸዋለች፤

«መምህሬ ናቸው። ዜሮ የሰጡኝ።»